ዳባት በዘጠኝ ባይት፦ ስለ ፊደል፣ ስለ ኮምፒውተር እምብርትና ስለማይነቃነቅ ቁጥር

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዳባትና ከእርሷ ቀጥሎ በስሜን ተራሮች ግርጌ የተቆረቆረችው ደባርቅ፣ የኮምፒውተር ታሪክ ሲጻፍ ስማቸው የሚጠራ ከተሞች አይደሉም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ከተሞች በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተጽፎ የተቀመጠ ደብዳቤ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሲከፈት መነበብ አለመነበቡ የሚወሰነው፣ በሩቅ አገር የተቀመጡ መሐንዲሶች ከዓመታት በፊት የገቡትን ቃል በመጠበቃቸው ወይም በመተዋቸው ነው። ቃሉ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በላዩ ለሚሠሩት ፕሮግራሞች የገባው ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊደላትን በቁጥር የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለጽሑፍ ባለቤቶች ሁሉ የገባው ነው። የሁለቱን ታሪክ ከስሜን ግርጌ ሆኖ መመልከት ተገቢ የሚሆነውም፣ ቃሉ በፈረሰ ጊዜ ጉዳቱ የሚከብደው ፕሮግራም ከሚሠራባቸው ከተሞች ይልቅ የተሠራውን ተቀብለው በሚገለገሉት ላይ ስለሆነ ነው።

ሥርዓተ ክወና የሚባለው ኮምፒውተሩ እንደበራ ሥራ ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ ማሽኑን የሚያስተዳድረው የፕሮግራሞች ስብስብ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና አንድሮይድ የታወቁት ናቸው። የዚህ ስብስብ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነል ማህደረ ትውስታውን ለፕሮግራሞች ያካፍላል፣ ከዲስክ ያነባል፣ በዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ሰዓት ይቆጥራል፤ አንድ የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ፕሮግራም እነዚህን ሥራዎች በራሱ እጅ እንዲሠራ አይፈቀድለትምና በፈለጋቸው ቁጥር ከርነሉን መጠየቅ አለበት። ጥያቄው የሥርዓት ጥሪ ይባላል፤ እያንዳንዱ ጥሪም ቁጥር አለው። ለምሳሌ በዘመናዊ 64 ቢት የኢንቴል ማሽን ላይ በሚሠራ ሊኑክስ «አንብብ» የሚለው ጥሪ 0፣ «ጻፍ» የሚለው 1፣ «ፋይል ክፈት» የሚለው 2 ነው። ፕሮግራሙ ተሠርቶ ሲያልቅ እነዚህ ቁጥሮች በውስጡ ተቀርጸው ይቀራሉ፤ ስለዚህ የከርነሉ ባለቤቶች አንድ ቀን ተነሥተው 1 ቁጥርን ለሌላ ሥራ ቢሰጡት፣ ትናንት ደብዳቤ ያስቀምጥ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊናገር አይችልም። በከርነሉና በፕሮግራሞች መካከል ያለው ይህ የቁጥሮች፣ የትርጉሞችና የልማዶች ስምምነት በይነ ገጽ ይባላል፤ በይነ ገጹን ሳያፈርሱ ከርነሉን ማደስ መቻል ደግሞ ተጣጣሚነት ይባላል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ገና ተማሪ ሳለ ሊኑክስን ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ፣ ከርነሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ ያለማቋረጥ ሲታደስ ኖሯል፤ በዚህ ሁሉ እድሳት ውስጥ ግን አንድ ጥብቅ ደንብ ጸንቷል። ደንቡ፣ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በአዲስ ከርነል ምክንያት መሥራት ካቆመ ስሕተቱ የከርነሉ ነው፣ ለውጡም ይመለሳል ይላል። ፕሮግራሙ መመሪያውን ሳይከተል የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ በአጋጣሚ በተፈጠረ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ቢሆን እንኳ፣ ተጠቃሚው እየተገለገለበት እስከሆነ ድረስ ያ ጠባይ የስምምነቱ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ለመሐንዲስ ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ የቀድሞውን ስሕተት ሳይቀር ተሸክሞ መጓዝን ይጠይቃልና። ፍትሐዊ ነው ማለት የሚቻለው ግን በዚያው ምክንያት ነው፤ ከርነል የሚያድስ ሰው የለውጡን ምክንያት ያውቃል፣ ማስተካከልም ይችላል፤ የደባርቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው አያውቀውም፣ ምንጩም በእጁ የለም፣ ትናንት ይከፈት የነበረ ሰነድ ዛሬ አልከፈት ሲለው የሚሄድበት ቦታ የለውም።

አሮጌውን ሳይነኩ በአዲስ መጨመር ለዚህ አገር የጽሕፈት ባህል እንግዳ አሠራር አይደለም። የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ ተነባቢ ድምፆችን ብቻ ያመለክት ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ አናባቢዎች ሲጨመሩ ለድምፁ አዲስ ፊደል ከመፍጠር ይልቅ በነባሩ ፊደል ላይ እግር፣ ቀለበት ወይም ቅጥያ ማድረግ ተመረጠ፤ አዲሱን የተማረ ሰው አሮጌውንም እንዳያጣ ሆነ። 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 182 ይሆናሉ። በኋላ አማርኛ መጻፍ ሲጀምር በግዕዝ የሌሉ ድምፆች ስለነበሩት ከሰ ሸ፣ ከተ ቸ፣ ከነ ኘ፣ ከከ ኸ፣ ከዘ ዠ፣ ከደ ጀ፣ ከጠ ጨ ተወለዱ፤ ሰባቱም የተገኙት በነባሩ ፊደል ላይ ጭረት ወይም ቅጥያ በመጨመር ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱም የግዕዝን ፊደል ከቦታው አላነሣም፣ ድምፁንም አልለወጠም። በስሜን፣ በጃናሞራ በምትገኘው ደረስጌ ማርያም፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ጸሎቱ በግዕዝ ነበር፤ የዘመናቸው ታሪክ ግን በደብተራ ዘነብ እጅ በአማርኛ ተጻፈ። ዜና መዋዕል በግዕዝ ይጻፍ በነበረበት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ቢሆንም፣ አንባቢው አዲስ ገበታ መቁጠር አላስፈለገውም፤ ዳዊት የደገመበት ፊደል ሰባት እንግዶችን ተቀብሎ እንዳለ ቆየ።

ይህ ልማድ መጀመሪያ የተፈተነው በጽሕፈት መኪና ነው። ከ200 በላይ የሆኑትን ፊደላት ለላቲን በተሠራ መኪና ላይ ማስፈር ስለማይቻል፣ ኢንጂነር አያና ብሩና ተከታዮቻቸው ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው ለይተው በሁለት ምት የሚያትሙበትን ዘዴ አበጁ። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው መልክ የቁም ጽሕፈትን ውበት ባይደርስበትም ይነበብ ነበር። ወረቀት ከማሽኑ ከተላቀቀ በኋላ ማሽኑን አይፈልግምና የጽሕፈት መኪናው ዘዴ ምንም ዓይነት ቢሆን ለኋለኛው አንባቢ ችግር አልተወም።

ኮምፒውተር ግን ቅርጽ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያውቅ ከሌለ ጽሑፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተለመዱት ማሽኖች አንድ ፊደል በአንድ ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች በአንዱ ይወከል ነበር፤ ከነዚህም ገሚሱ በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በአኃዞችና በትእዛዛት ተይዞ ነበር። በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ አማርኛን ለማስገባት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ያደረጉት ጥረት ታላቅ አክብሮት ይገባዋል። በአሜሪካ ፍሥሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ ስም በዘርፉ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ ሆነ፤ በአገር ውስጥም አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። ዘዴያቸው በመሠረቱ አንድ ነበር፤ የላቲን ፊደል ቁጥር እንዳለ ይቀመጥና፣ ፎንቱ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል በላቲኑ ፈንታ የአማርኛውን ቅርጽ ይሥላል። ከርነሉም ሆነ ሥርዓተ ክወናው የሚያየው ላቲን ነው፤ አማርኛው ያለው በፎንቱና በተጠቃሚው ዓይን መካከል ብቻ ነበር። ከ200 በላይ ፊደላት በአንድ ፎንት አልበቃ ሲሉም አንዳንዱ በሁለት ፎንት ተከፈለ፤ አኃዞች ለብቻ ሌላ ፎንት የተሰጣቸውም አለ።

ችግሩ እያንዳንዱ ሠሪ ቁጥሩን በየራሱ መደልደሉ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። በስፋት ከተሠራጩት አንዱ በሆነው በፓወር ግዕዝ «ግዕዝ-1» ፎንት ላይ «የ» የተቀመጠችው የሦስት አራተኛ ክፍልፋይ ምልክት በተያዘላት ቁጥር ላይ ነው፤ «ኢ» ደግሞ የ«አ» ቁጥርና የእኩል ይሆናል ምልክት ተከታትለው የሚሥሏት ፊደል ናት፤ የጽሕፈት መኪናው የሁለት ምት ዘዴ በዚህ ቀጥሎ እንደነበር ልብ ይሏል። በዚህ ድልድል «ዳባት» ብሎ የጻፈ ሰው ፋይሉን ፎንቱ ወደሌለበት ማሽን ቢወስደው በ«ዳ» ፈንታ ፈረንሳዮች ከግርጌዋ ጭራ የሚያንጠለጥሉባትን የላቲን ፊደል፣ በ«ባ» ፈንታ «ቪ» የምትባለውን ትንሽ የላቲን ፊደል፣ በ«ት» ፈንታ የድሮው የሆላንድ ገንዘብ ምልክት የነበረችውን ቆልማማ «ኤፍ» ያገኛል። በደባርቅ፣ በዳባትና በመሰል የወረዳ ከተሞች በፍርድ ቤትና በአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች አካባቢ የሚገኙት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህን ገጽ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ማመልከቻ አስጽፎ በፍላሽ የወሰደ ባለጉዳይ በሌላ ቦታ ሲያስከፍተው በምልክት የተሞላ ወረቀት ይወጣል፤ ጸሐፊውም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ፎንቱ ምን እንደነበር ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ የሰውዬው ስም፣ የመሬቱ አዋሳኝና የከሳሹ ቃል አሉ፤ አንድም ባይት አልጠፋም፤ የጠፋው የቁጥሮቹ ትርጉም ብቻ ነው።

በውጭ አገር የነበሩት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴራ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀውን ሥርዓት ሲያዘጋጁ መነሻቸው ይህ የባቢሎን ግንብ ነበር። ሴራ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በየትኛውም ማሽን ላይ በሚገኙት መሠረታዊ የላቲን ፊደላት እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ወሰነ፤ በእርሱ መሠረት ዳባት በአምስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል፣ ጽሑፉም ሳይዛባ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። ድልድይ እንጂ ማረፊያ አልነበረም፤ ቢሆንም ፊደል አንድ የጋራ ውክልና ሊኖረው እንደሚገባ ለማሳመን የረዳ ሥራ ነው።

ማረፊያው ዩኒኮድ ሆነ። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ አንድና የራሱ የሆነ ቁጥር በመስጠት የሚመዘግብ ሥርዓት ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። የግዕዝ ፊደል በውስጡ ከመግባቱ በፊት ግን በሌላ ሕዝብ ላይ አንድ ትልቅ ጥፋት ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለተኛው እትም ሲወጣ የኮሪያ ቋንቋ ክፍለ ቃላት ከነበሩበት ቁጥር ተነሥተው፣ ብዛታቸው 11,172 ሆኖ፣ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። አዲሱ ድልድል ከቀድሞው የተሻለና የተሟላ ቢሆንም በቀድሞው ቁጥር የተጻፈ የኮሪያ ጽሑፍ ሁሉ በአዲሶቹ ፕሮግራሞች ፊት ትርጉም አልባ ሆነ። ከዚህ በኋላ የዩኒኮድ ባለቤቶች አንድ የማይሻር ቃል ገቡ፤ አንዴ ቁጥር የተሰጠው ፊደል ከቁጥሩ አይነሣም፣ አይሰረዝም፤ ስሙም እንኳ ስሕተት ቢገኝበት አይለወጥም። የግዕዝ ፊደል የተመዘገበው ይህ ቃል ከተገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛ እትም መሆኑ ለአማርኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ ኮሪያውያን በከፈሉት ዋጋ የተገዛውን ጽናት ያለ ክፍያ ወርሷልና።

በዚያ እትም 345 የግዕዝ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ተመዘገቡ። መነሻው «ሀ» ሲሆን ቁጥሩ 4608 ነው፤ ከእርሱ ጀምሮ እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ሥፍራ ይዞ ይደረደራል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» እና «ቧ» ላሉት ዲቃሎች ነው። በፊደል ገበታ ፊት ቁጭ ብሎ ሀሁ የቆጠረ ልጅ የዩኒኮድን ሠንጠረዥ ቢያይ ይለየዋል። «ዳ» 4851፣ «ባ» 4707፣ «ት» 4725 ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ላይ 4608 ተቀንሶ የቀረው ለ8 ቢካፈል «ዳ» እና «ባ» 3 ይተርፋቸዋል፣ ራብዕ ናቸውና፤ «ት» 5 ይተርፋታል፣ ሳድስ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1999 ያልተያዙ ስምንተኛ ሥፍራዎች ባዶ ተትተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ «ሇ» እና «ቇ» ያሉ 9 ፊደላት ተገኝተው በዚያው ባዶ ሥፍራ ገቡ። ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ደግሞ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በተከፈቱ ተጨማሪ ክፍሎች ተመዘገቡ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ፊደል ጎረቤቱን ገፍቶ አልተቀመጠም፤ «ሸ» ከ«ሰ» ስትወለድ «ሰ»ን እንዳልነካችው ሁሉ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ክርክር መታወስ አለበት። በ20ኛው መቶ ዘመን ድምፃቸው በአማርኛ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ተቀንሰው ፊደሉ ይቅለል የሚሉ ምሁራን በተደጋጋሚ ተነሥተው ነበር። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም፤ ምዝገባው ግን ወገን ሳይለይ ሁሉንም ተቀበለ። ተቀንሰው ቢሆን ኖሮ በስሜን ገዳማትና አድባራት የሚገኝ አንድ የብራና መጽሐፍ እንኳ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ሊገለበጥ ባልቻለ ነበር። ኮምፒውተር የተጻፈውን እንዳለ ስለሚይዝም የተራራው ስም ራሱ፣ አንዱ «ስሜን» ሌላው «ሰሜን» ሲለው፣ በኮምፒውተር ዘንድ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ይህ ጉድለት እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ከላይ፣ በፍለጋ ፕሮግራሞች ውስጥ ሊበጅ ይገባዋል፤ ከታች የጸሐፊውን ፊደል ማስተካከል ለማሽኑ የተሰጠ ሥልጣን አይደለምና።

ቁጥር መስጠቱ ብቻ ግን አይበቃም ነበር፤ 4851 በአንድ ባይት አይገባም፤ ነባሮቹ ከርነሎችና ፕሮግራሞች ደግሞ የተሠሩት ፊደልን በአንድ ባይት ለማየት ነው። ሁሉንም አፍርሶ እንደገና መሥራት ወይም አዲሱን ቁጥር በአሮጌው በር የሚያስገባ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን ዘዴ ሲያበጁ ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ጥንቱ በአንድ ባይት ይቀራል፤ የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላት በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ባይት ይዘረጋሉ፤ በተዘረጉት ውስጥ ደግሞ ከ128 በታች የሆነ ባይት ፈጽሞ አይገኝም። የዚህ ጥቅም ሰፊ ነው። የዩኒክስ ዘር የሆኑ ከርነሎች፣ ሊኑክስም ጭምር፣ በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበሉት ሁለት ባይት ብቻ ነው፤ እነርሱም አቃፊን ከአቃፊ የሚለየው እዝባርና የስም ማብቂያ የሆነው ዜሮ ናቸው። ሁለቱም ከ128 በታች ስለሆኑ በአማርኛ ስም ውስጥ ተሸሽገው ሊገቡ አይችሉም።

ስለዚህ አንድ ሰው ፋይሉን «ዳባት» ብሎ ሲሰይመው ወደ ከርነሉ የሚደርሱት 9 ባይቶች ናቸው፤ 225፣ 139፣ 179፤ 225፣ 137፣ 163፤ 225፣ 137፣ 181። ከርነሉ ስሙ አማርኛ መሆኑን አያውቅም፤ 9ኙን ባይቶች በሰጡት ቅደም ተከተል ይጽፋቸዋል፣ ሲጠየቅም በዚያው ቅደም ተከተል ይመልሳቸዋል። «ፋይል ክፈት» የሚለው ጥሪ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ለአማርኛ ተብሎ የተጨመረለት አንድም ነገር የለም። የግዕዝ ፊደል ከመመዝገቡ ከሰባት ዓመት በፊት በተበጀ ዘዴ፣ አማርኛን አስቦ በማያውቅ ከርነል ላይ፣ አማርኛ ያለ እንከን አደረ። አንድ ዋጋ ብቻ አለው፤ በሊኑክስ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ሊበልጥ አይችልም፤ እንግሊዝኛ ጸሐፊ 255 ፊደል ሲያገኝ አማርኛ ጸሐፊ የሚያገኘው 85 ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ጉዳይ ሙሉውን የፋይል ስም አድርጎ የመጻፍ ልማድ ያለው ሠራተኛ ይህን ድንበር አንዳንዴ ይነካዋል።

ማይክሮሶፍት በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ለፕሮግራሞች ሁለት ዓይነት በር ከፈተ፤ አንዱ አሮጌውን ባለ አንድ ባይት ጽሑፍ፣ ሌላው አዲሱን ሰፊ ቁጥር ይቀበላል፤ አሮጌው በር እስከ ዛሬ ክፍት ነው። በዚህ የተነሣ በላቲን ቁጥር ላይ የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች በተከታታይ በወጡ ዊንዶውሶች ላይ ሳይቋረጡ ሠሩ፤ የየወረዳው ደብዳቤ፣ የምርጫ መዝገብና የደመወዝ ሉህም አልቆመም። የተጣጣሚነት ሌላው ፊቱም እዚህ ላይ ይታያል። አሮጌው መሥራቱን ባያቆም ሰው ወደ አዲሱ የሚሻገርበት ምክንያት ያጣል፤ ዩኒኮድ አማርኛን ከመዘገበ ከብዙ ዓመታት በኋላም ከመሥሪያ ቤቶች የሚወጣው ጽሑፍ በአሮጌው ድልድል ይጻፍ ነበር፤ ያም ጽሑፍ ዛሬ በፍለጋ አይገኝም። የዘገየበት ምክንያት ግን የአሮጌው በር ክፍት መሆን ብቻ አይደለም፤ አዲሱን በር ለመጠቀም የሚያስፈልገው ፎንት ራሱ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ላይ፣ «ኒያላ» በሚል ስም ነው። ሰዎች ምትክ ሳይሰጣቸው አሮጌውን እንዲተዉ መጠየቅ አግባብ አይሆንም ነበር። በዶስ ዘመን የተሠሩት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ግን ይህን ያህል አልታደሉም፤ 64 ቢቱ ዊንዶውስ እነርሱን ማስነሣት አቆመ፤ በእነርሱ ብቻ ይከፈቱ የነበሩ ሰነዶችም አሮጌ ማሽን ካልተገኘላቸው በቀር ተዘግተው ቀሩ።

ዳባት በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አቋቋመ፤ ጣቢያው በየቤቱ የሚከሰተውን ልደት፣ ሞትና ስደት እየተከታተለ ይመዘግባል። የዚህ ዓይነት ምዝገባ ዋጋው በርዝመቱ ነው፤ ያኔ በጨቅላነቱ የተመዘገበ ልጅ ዛሬ ወላጅ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኛቸው ለቤቱና ለሰውየው የተሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ወይም የቀበሌዎች አከላለል ተለወጠ ተብሎ ከተቀየረ ዘመናትን ያሻገረው ክር ይበጠሳል። የኮሪያ ፊደላት ከቦታቸው የተነሡበት ዓመትና የዳባት ጣቢያ ቁጥር መስጠት የጀመረበት ዓመት አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ኮምፒውተሩ፣ ሥርዓተ ክወናውና የመረጃ ማስገቢያው ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ደጋግመው ተለውጠዋል። ሰውን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት በእንዲህ ያለ ለውጥ መካከል ሊኖር የሚችለው ከታች ያሉት ቁጥሮች ከቆሙ ብቻ ነው።

ቀኑን የሚቆጥረውም ከርነሉ ነው። የዩኒክስ ዘር የሆኑ ከርነሎች የዘመን አቆጣጠር የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚያውቁት ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ብዛት ነው። ይህ ለኢትዮጵያ የሚመች ጥበብ ነው፤ ሰከንዱን ወደ መስከረምና ጳጉሜን የሚለውጥ ፕሮግራም ከላይ ሊሠራ ይችላል፣ ከርነሉም መነካት አያስፈልገውም። ችግሩ ብዛቱ በ32 ቢት ሲያዝ ከ2,147,483,647 መብለጥ አለመቻሉ ነው። ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. በጥር 19 ቀን 2038 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይውላል፤ ሰዓቱም ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ቆጠራው ወደ ኋላ ዞሮ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ላይ ይወድቃል።

የሊኑክስ መሐንዲሶች ይህን ለማስተካከል ለ32 ቢት ማሽኖች አዲስ የሰዓት ጥሪዎችን አበጅተው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 5.1 እትም አስገቡ፤ አዲሶቹ በ64 ቢት ይቆጥራሉና አይሞሉም። አሮጌዎቹን ጥሪዎች ግን አልሰረዟቸውም፤ አዲሶቹ አዲስ ቁጥር ወሰዱ፣ አሮጌዎቹ በነበሩበት ቁጥር ተቀመጡ፤ ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ ፕሮግራም ዛሬም ሰዓት ቢጠይቅ ያው መልስ ይሰጠዋል። ወደ አዲሱ ጥሪ እንዲሻገር እንደገና ያልተሠራ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ያ ጠዋት የጥምቀት ነው፤ በዳባትና በደባርቅ ከዋዜማው ጀምሮ በውኃ ዳር ያደሩት ታቦታት ገና ከድንኳናቸው አልወጡም፤ በጎንደርም በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ውኃው እስኪባረክ ይጠብቃል።